ግለ ሂስ በሳንሱሲ

ባለፈው እሑድ ፊልም ላይ ብዬ ተቀምጬ እኔው ራሴ ፊልም ሆኜላችሁ ዋልኩ። ሳንሱሲ ሰፈር ቤት ያከራዩኝ እትዬ አልማዝ እሑድ እሑድ ምሳ ይጋብዙኛል፤ ከምሳ በኋላ ሳሎን ቁጭ ብለን የአማርኛ ፊልም እናያለን። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ማርክሲዝምና ስለ ፊልም ስለሆነ አፌ አያርፍም። የዚያን ዕለት ፊልሙ ላይ ያለችው የቤት ሠራተኛ ለስንተኛ ጊዜ ትሪ ይዛ ስትገባ አላስችል አለኝ። «አዩ እትዬ? ከመጀመሪያው ጀምሮ ታስተናግዳለች፣ ስም እንኳ አልሰጧትም! ለዚህ ደራሲ ወዛደር ማለት ትሪ የያዘ እጅ ነው!» ብዬ ለፈለፍኩ።

ለካ እትዬ አልማዝ በደርግ ጊዜ የቀበሌ የውይይት ክበብ ይመሩ ነበር። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱና «ሂሱን ሰማን፤ በእኛ ጊዜ ግን ከሂስ ቀጥሎ ግለ ሂስ ነበር። በል ተነስ!» አሉኝ። እየሳቅኩ ተነሳሁ። «ምሳህን ያቀረበችልህ ልጅ ስሟ ማነው?» ሳቄ ቀጥ አለ። አራት ወር ሙሉ «እህት» ነው የምላት። ልጅቷ ለካ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «ወርቅነሽ እባላለሁ» አለች፤ «አንተ ዳዊት ነህ፣ ቅባት የበዛበት ወጥ አትወድም።» ሳህኖቹን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ፤ እሷ ሄዳ ቦታዬ ላይ ተቀመጠች። ገና ሁለተኛውን ሳህን ሳሙና ሳስነካው ድምጿ ከሳሎን መጣ፦ «ጓድ ዳዊት፣ ድስቱን እንዳትረሳ!»