የበረኛ ነገር

ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ወገብዎን ተሻለዎት? እሰይ! የትምህርት ቤቱንም በር ቀለም ቀባችሁት? አምሮበታል። አይ፣ አልገባም፤ ይቺን ዕቃ ላደርስ ብዬ ነው።

ልጄ? ደህና ናት። ከቅዳሜ ወዲህ እህል አልቀምስ አለች እንጂ ደህና ናት። እርስዎ በር ላይ ስለነበሩ ጨዋታውን አላዩትም። አምስት ለዜሮ ተሸነፉ! ምን ይደረግ፣ ኳስ ናት።

አሰልጣኝ ግን እንዲህ ነው እንጂ! ያው እሳቸውም እዚያ ሜዳው ላይ ኳስ እየለቀሙ ነው... ይስሙኝ፣ ምስጋና እኮ ነው። ሦስት ወር ሙሉ፣ «መከላከል የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትሸፍን» ብለው አስተማሯቸው። ልጄ እራት ላይ በማንኪያና በጨው ዕቃ ታሳየኝ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውንም በቃሏ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። እንዴት ያለ እውቀት ነው!

ታዲያ ቅዳሜ ዳይሬክተሯ ሊያዩ ቢመጡ፣ አሰልጣኙ «ሁላችሁም ወደፊት! ጎል እፈልጋለሁ!» አሉ። አለቃው ፊት ደምቆ መታየት የማይፈልግ ማን አለ? ተከላካይ የተባለች ሁሉ ነቅላ ወጣች። የአሥር ዓመቷ በረኛ ልጄ ብቻዋን ጎል ሥር ቀረች። ሎሚውም አንድ ባንድ መጣላት... አምስቱም።

የበረኛን ነገር መቼም ለእርስዎ አልነግርም። ባለቤቱ ራሱ አጥሩን አፍርሶ ሌባ ቢገባ፣ የሚጠየቀው ማን ነው? በረኛው አይደል? ዳይሬክተሯ «ምን ነካችሁ?» ቢሏቸው፣ እሳቸው ሆዬ ጣታቸውን ቀስረው «በሷ ነው!» አሉ። ያ ሁሉ ልጅ፣ ያ ሁሉ ወላጅ እየሰማ። እኔ መሃይሟ ልጆቹ እርስ በርስ የሚሸፋፈኑ መስሎኝ... ለካ የሚሸፈኑት ሌላ ኖረዋል!

ይቺን የልጄን ጓንት ለአሰልጣኙ ይስጡልኝ። እኔ እንዳልሰጣቸው ጀርባቸውን አዙረዋል፤ ያው መከላከል ላይ ናቸው። ሰፍቷት ጣት ጣቱን በመርፌ አጥብቤላት ነበር። «እማዬ፣ ሁለተኛ ኳስ አልነካም» ስትለኝ ስፌቱን ፈታሁት። አሁን ለትልቅ ሰው እጅ ይበቃል... ትልቅ ሰው ከተገኘ።

ቂም? እኔ? ምን በወጣኝ! ጠዋት ማታ እኮ ነው የምጸልይላቸው። አሁንም እላለሁ ጋሼ፣ ፈጣሪ ልጅ አያሳጣቸው... ዕድሜ ልካቸውን ከፊታቸው የምትቆምላቸው አንዲት ልጅ አያሳጣቸው።