ሁለት ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት በር

ባለፈው ኅዳር ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ነጋዴዎች ሰፈር ስሄድ በረዶ ድንገት ወረደብኝና አንድ የተዘጋ ሱቅ ጥላ ሥር ተጠጋሁ። አቶ አቢሶ የሚባሉ የምናውቃቸው ነጋዴ ለሽያጭ መሬት የዘረጉትን ብርድ ልብስ በላስቲክ ሲሸፍኑ አገኘኋቸው። ጠበቃ ቢሮ የምትሠራው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ዮአዳንም ታግዛቸዋለች።

«ምነው፣ ወደ ውስጥ አያስገቡትም?» አልኩ።

«ሱቁማ የእኔ ነው፤ አይከፈትም እንጂ።»

ቀና ብል የብረት በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ አንዱ የእሳቸው፣ ሌላው የሸሪካቸው የዱባለ። አብረው ገዝተውት ሲያበቁ «ሁሉም የእኔ ነው» ተባብለው ከተካሰሱ አምስት ዓመት ሆናቸው። የአቢሶ ብርድ ልብስም በገዛ ሱቃቸው ደጃፍ ይበሰብሳል።

«ጋሼ፣ ጋሽ ዱባለ እንታረቅ ብለዋል» አለች ዮአዳን።

«ኤይሽ! ምን ሰምቶ ነው? ዳኛው ለእኔ ሊፈርድ ነው ማለት ነው!»

«ዳኛውማ ለከርሞ ቀጠሩ።»

«እሱ ነው የላከሽ?»

«የሁለታችሁም ጠበቆች ተነጋግረው ነው።»

«ጠበቃ ሊያስታርቅ! ጅብ በግ ጠብቅ ተባለ በይኛ።»

«እሺ፣ ሽማግሌዎች ይሁኑ።»

«እነሱማ ለፋሲካ ዱባለ ቤት በልተዋል። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።»

«እርስዎ ቤትስ አልበሉም?»

«በልተዋል። እሱ ቤት ግን ሁለቴ!»

ሳቄን ዋጥኩ። አምስት ዓመት ሲጠራጠር የኖረ ሰው በአንድ ከሰዓት አይለወጥም፤ በልቤ ጥቂት ጸለይኩና ማዳመጤን ቀጠልኩ።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» አሉ አቢሶ።

«ጭብጦዋ እኮ ሻግታለች ጋሼ። ፍርዱ ሲመጣ ምኗን ሊበሉ ነው?»

አቢሶ ላስቲኩን ጎተት አደረጉ። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እመኗቸው አላልኩም» አለች ልጅቱ፣ «ጥርጣሬዎን ይዘው ይምጡ። ሱቁን ለሁለት የሚከፍሉት እርስዎ፤ ቀድመው የሚመርጡት ጋሽ ዱባለ።»

«እኔ ከከፈልኩማ መንገድ ዳሩን አሰፋዋለሁ!»

«ያንኑ ይወስዱብዎታላ።»

አቢሶ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሙሉው የእኔ ነበር እኮ።»

«ይሆናል። ግን አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልሆነም።»

በሳምንቱ ለምስክርነት ተጠራሁ። ሁለቱ ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ቆመው የየራሳቸውን ጓጉንቸር ከፈቱ፤ ዱባለ ውጭ ቀሩ። አቢሶ ጠመኔ ይዘው ወለሉ ላይ አሰመሩ፤ አጠፉ፤ መስኮት ያለውን ወገን አጠበቡ፤ ጨለማውን አሰፉ። ደግመው አጠፉ፤ ደግመው አሰመሩ።

«አሁን የትኛውን ይወዳሉ?» አለቻቸው ዮአዳን።

ግራ ቀኙን ብዙ አዩ። «እግዜር ያውቃል፤ እኔስ አላውቅም።»

«በቃ፣ እኩል ተከፍሏል።»

ዱባለ ገብተው ሰፊውን መረጡ።

«ለምን እሱን? ምን አየህበት?» አሉ አቢሶ በድንጋጤ።

«አንተ ያሰመርከውን ነዋ፣ አንተ ተጠራጣሪ!» አሉ ዱባለ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለቱም አብረው ሳቁ። ተፈራረሙና ክሱን አነሱ።

ዛሬ መሃሉ ላይ ግድግዳ ቆሟል። ማንም ሁሉንም አላገኘም፤ ብርድ ልብሱ ግን ደርቋል፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ይባክን የነበረው ቀን በንግድ ያልፋል፣ ልጆቻቸውም ቤተ ክርስቲያን አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እርቅ ልብ እስኪነጻ አይጠብቅም፤ ጥርጣሬን የሚችል ውል ይበቃዋል፤ ልብ ኋላ ይደርሳል። በቀደም ሳልፍ አቢሶ ጠሩኝና የጋራውን በር አሳዩኝ። ጓጉንቸሩ አንድ ሆኗል፤ ቁልፉን ሁለት አስቀርጸው አንዱን ለዱባለ ሰጥተዋቸዋል።

«ቀድሞ የመጣ ይከፍታል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ግን ቀደም እላለሁ።»