ማህተም ያለው ሁሉ አበዳሪ አይደለም

የሰፈሩ ሰው ጫማ ሰሪውን «አባ ዛሬውኑ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ሰው አልተሳሳተም። የመብራት ይሁን የውኃ፣ የቆዳ ነጋዴው ሒሳብ ይሁን የሱቁ ኪራይ፣ የክፍያ ወረቀት እጃቸው በገባበት ቀን ይከፈላል እንጂ ቤታቸው አያድርም። «የሰው ገንዘብ ይዞ የተኛ ሰው ትራሱ እሾህ ነው» ይላሉ። መልካም ጠባይ ነው፤ ነቀፌታ የለበትም። ክፋቱ፣ መልካም ጠባይን አድብተው የሚጠብቁ ሰዎች መኖራቸው ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከፖስታ አመላላሹ እጅ የተቀበሉትን ደብዳቤ እንደቆሙ አነበቡና ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ሱቃቸውን ቆልፈው ወደ ባንክ ገሰገሱ። አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። የተራ ቁጥር ቆርጠው አንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ሲቀመጡ፣ አጠገባቸው ስልኳን ስትነካካ የነበረችው ወጣት ቀና ብላ አየቻቸውና ብድግ አለች። የእህታቸው ልጅ ነበረች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ መርማሪ ናት።

«ጋሼ! እንደምን አሉ? ምነው በሽርጥዎ?»

«አለሁ የኔ ልጅ፤ ተቀመጪ። አንቺማ ከተማርሽ ወዲህ ጠፋሽ፤ ዛሬ እንኳ ባንክ አገናኘን» አሉ። ለወጉ ፈገግ ቢሉም ፊታቸው አልተፈታም። «ጨዋታውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ስሜን ሊወስዱብኝ ነው።»

«ማነው የሚወስድብዎ?»

«የድረ ገጼን ስም ነው የምልሽ። ቶሎ ካልከፈልኩ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ጽፈውልኛል።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። እሳቸው የሚሠሩት ጫማ እንደ ማንም ጫማ አይደለም፤ አንድ እግሩ ላጠረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ለተጣመመ ሰው እንደ እግሩ ጠባይ የሚሰፋ ጫማ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ በእሳቸው ጫማ ሳያነክስ መሄድ ሲችል፣ ውለታውን ለመመለስ ብሎ ድረ ገጽ ሠራላቸው። ለስሙም የበርካታ ዓመታት ክፍያ አስቀድሞ ከፈለላቸውና ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሩቅ ከተማ ያለች እናት የልጇን እግር ፎቶ አንስታ የምትልክላቸው በዚያ ድረ ገጽ ነው። የሱቁን ጎዳና የማያውቅ ሰው ያንን ስም ያውቃል። ስሙ ከጠፋ ልጆቹ እሳቸውን የሚያገኙበት መንገድ የለም፤ ሱቁም መዘጋቱ ነው። አባ ዛሬውኑ ይህን ስለሚያውቁ ፈርተዋል፤ ፍርሃታቸውንም በችኮላ ሸፍነውታል።

«ደብዳቤውን ልየው?» አለች።

ወረቀቱ ወፍራም ነው። ራስጌው ላይ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ቀይ ጽሑፍ፣ ግርጌው ላይ ክብ ማህተም አለው። ተፈርሞ የሚመለስ ቅጽም ተያይዟል። የእህታቸው ልጅ ስታነብ ቅንድቧ እየተሰበሰበ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይህን ድርጅት ያውቁታል?»

«እሱ እኔን ያውቀኛል! ስሜን፣ የሱቄን አድራሻ፣ የድረ ገጹን ስም፣ ጊዜው የሚያልቅበትን ወር፣ አንድ ፊደል ሳይስት ጽፎት የለም እንዴ?»

«ይህ እኮ ብዙ ጊዜ ማንም ከፍቶ ከሚያነበው መዝገብ ላይ የሚገኝ ነው። የበርዎን ቁጥር ያነበበ ሁሉ የቤቱ አከራይ ነው እንዴ?»

«ማህተምስ?»

«ማህተም ቀራጩ ከዚህ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው ያለው፤ ከፈለጉ ለእርስዎም ይቀርጽልዎታል።»

አባ ዛሬውኑ ደስ አላላቸውም። ማሽኑ ተራ በጠራ ቁጥር አንገታቸውን እያሰገጉ ሰሌዳውን ያያሉ።

«ስሚ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «አምናም ጽፈውልኝ ከፍያለሁ። ተዘጋ? አልተዘጋም። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቱ ደነገጠች። «አምናም ከፍለዋል?»

«በዕለቱ!»

«ጋሼ፣ ይቆጡ ይሆናል፤ ግን እነግርዎታለሁ። አምና ያልተዘጋው ያ ባለሙያ አስቀድሞ ስለከፈለልዎ ነው። በበጋ ጥላ የሸጠልዎትን ሰው አልረጠብኩም ብለው ያመሰግኑታል?»

አጠገባቸው ያለ አንድ ሰውዬ ሳቀ። አባ ዛሬውኑ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ሰው ፊት መነካት አይወዱም፤ ምክንያትም ነበራቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉ፤ «እናትሽ ነግራሽ እንደሆነ አላውቅም። አባታችን ዕዳ ነበረበት። ነገ እከፍላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እከፍላለሁ ሲል አበዳሪው ተሸካሚዎች ይዞ መጣና የስፌት መኪናውን ደንበኞቹ እያዩ አስወጣበት። አባቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀና ብሎ አልሄደም። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ተደብቄ አለቀስኩ። የክፍያ ወረቀት ሲመጣ እየመረመረ የሚያገላብጥ ሰው፣ ላለመክፈል ሰበብ የሚፈልግ ሰው ነው። አባቴም ሲያገላብጥ ነው የተዋረደው። አስተማርሽኝ፤ አመሰግናለሁ። እኔ ግን እከፍላለሁ።»

የእህታቸው ልጅ ለዚህ ዓይነት ሐዘን መልስ የሚሆን የሒሳብ ትምህርት አልተማረችም። የተማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ሲቆጣ እውነቱን ይዘው ዝም ይላሉ፤ ሽማግሌውም እውነቱን ሳይሰማ ይጎዳል። እሷ ግን ሌላ መንገድ ያዘች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎ። ደንበኛ መጥቶ ‹ቁጥሬ ይህን ያህል ነው፤ ቶሎ ቁረጡልኝ› ቢልዎ ቆዳውን ይቆርጣሉ?»

«ምን ሲደረግ! ሰው የገዛ እግሩን አያውቅም። አስቁሜ፣ ሁለቱንም እግር በራሴ ሜትር ሳልለካ ቢላዋ አላነሣም።»

«ቢቆጣስ? ቸኩያለሁ ቢልስ?»

«የሚቸኩል ደንበኛማ ሁለት ጊዜ ነው የሚለካው!»

«ታዲያ ጋሼ፣ የማያውቁት ሰው ‹ዕዳዎ ይህን ያህል ነው፣ ቶሎ ክፈሉ› ሲልዎት ለምን በእሱ ሜትር ይቆርጣሉ?»

በዚያው ቅጽበት ማሽኑ የአባ ዛሬውኑን ቁጥር ጠራ። ደብዳቤውን ከእጇ ወሰዱና ወደ መስኮቱ ሄዱ። ተከተለቻቸው እንጂ ክንዳቸውን አልያዘችም።

የመስኮቷ ሠራተኛ የተቀባዩን የሒሳብ ቁጥር አይታ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። «አባባ፣ ተቀባዩን በደንብ ያውቁታል?»

«ሁላችሁም ተማክራችኋል እንዴ? ገንዘቡ የኔ አይደለም?»

«የእርስዎ ነው። ስጠይቅ ሰው ሁሉ ይቆጣኛል፤ ለምጄዋለሁ። ያውቁታል?»

ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ተራ አታጉሉ!» ብሎ ጮኸ። አባ ዛሬውኑ ብዕሩን አነሡ። እጃቸው የባንኩ ቅጽ ላይ ደርሶ ቆመ። ብዕሩን አስቀመጡና መነጽራቸውን ከሽርጡ ኪስ አውጥተው አጠለቁ፤ የቆዳ እንከን እንደሚፈልጉ ሁሉ አውራ ጣታቸውን በደብዳቤው ላይ ከላይ ወደ ታች እየነዱ ማንበብ ጀመሩ። ከማህተሙ ሥር፣ ጉንዳን በሚያካክል ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም። የአገልግሎት ግብዣ ነው። ፈርመው ሲመልሱ የስሙ አስተዳደር ወደ ድርጅታችን እንዲዛወር ተስማምተዋል።»

ደግመው አነበቡት። ዕዳ ነው ብለው በሽርጥ የሮጡለት ወረቀት በገዛ አፉ ዕዳ አይደለሁም ይላል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

«ለጊዜው ይቆይልኝ የኔ እመቤት» ብለው ከመስኮቱ ተመለሱና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ልሰጣቸው ነበር እኮ» አሉ። «ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ስሙንም በፊርማዬ። የአምናው እንኳ የሚፈረም ቅጽ አልነበረውም።»

«ቆም አሉ እኮ፤ ዋናው እሱ ነው። አሁን እውነተኛውን ዕዳዎን እንፈልግ።»

«ሌላ ዕዳ አለብኝ?»

ስልኳ ላይ የድረ ገጹን ስም ጽፋ አሳየቻቸው። ጫማዎቹ የሉም። የልጆቹ ፎቶዎች የሉም። ባዶ ገጽ ላይ «የዚህ ስም የምዝገባ ጊዜ አልፏል» የሚል ጽሑፍ ብቻ አለ። አባ ዛሬውኑ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት።

«ተወሰደ?»

«ገና ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ለባለቤቱ የምትሰጥ አጭር ፋታ አለች። እሷ ካለፈች ግን የቀደመ ይወስደዋል። ስሙን በእርስዎ ስም የመዘገበው መዝጋቢ ድርጅት ይኸው፤ መዝገቡ ላይ ተጽፏል። ደብዳቤ የጻፈልዎ ሌላ ነው።»

«መዝጋቢውስ ለምን አላስታወሰኝም?»

«ስልክዎን ይስጡኝ።» የኢሜይል ሳጥኑን ስትከፍተው ያልተነበበ መልእክት ተቆልሏል። ከመካከሉ የመዝጋቢው ድርጅት ማስታወሻዎች፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ ተደርድረው ተገኙ።

«አይቻቸው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ማህተም የላቸውም፤ ፖስታ የላቸውም። ጨዋታ መሰሉኝ። እኔ… ዕዳ አሳደርኩ?»

ሰውየው ከልባቸው አፈሩ። ለውሸተኛው ሮጠው፣ የእውነቱን አበዳሪ ደጅ አስጠንተውታል። የእህታቸው ልጅ ብትስቅ ይቀላቸው ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እንክፈለዋ» አለች።

አባ ዛሬውኑ ጣታቸውን መልእክቱ ላይ ያለው «አድስ» የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ መልሰው አነሡት። «ቆይ። ይኸኛውስ አጭበርባሪ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

አሁን ሳቀች። «ይህን ጥያቄ ይጠብቁት፤ ሀብትዎ ነው። በመልእክቱ በር አይግቡ። የመዝጋቢውን አድራሻ በራስዎ እጅ ይጻፉና በዋናው በር ይግቡ። ዕዳው እውነት ከሆነ እዚያ ተጽፎ ይጠብቅዎታል፤ ከሌለ የለም። የይለፍ ቃሉን ያስታውሱታል?»

«የአባቴ ስም ነው፤ እንዴት እረሳዋለሁ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ባንክ ውስጥ ተቀምጠው ጮክ ብለው ይናገሩታል? ስንጨርስ ይቀየራል።»

በዋናው በር ገቡ። ዕዳው እዚያው ነበር፤ ደብዳቤው ከጠየቀው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ካርዳቸውን አውጥተው ቁጥሩን ራሳቸው ጻፉ፤ የሚቀጥለው እድሳት የሚደርስበትንም ቀን ስልካቸው ላይ ራሳቸው መዘገቡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባዶው ገጽ ጠፍቶ ጫማዎቹ ብቅ አሉ። አባ ዛሬውኑ እፎይ አሉና ወዲያው ፊታቸው ተመልሶ ጨለመ።

«ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ስንት እናት መጥታ ተመልሳ ይሆን?»

«ይህን ማንም አያውቅም ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ለፖሊስና ለባንኩ ማመልከት አለብን፤ የአምናውንም ጭምር» አለች።

«ተይ! ዝም በይ፤ ሰው ይሰማል። አባ ዛሬውኑ ተሞኙ መባል ነው የቀረኝ።»

«ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት በምን ይመስልዎታል? በማህተሙ አይደለም። አንዱ ተታሎ አፍሮ ዝም ሲል፣ ያው ደብዳቤ ለጎረቤቱ ይሄዳል። አያቴ የተዋረደው ያለበትን ባለመክፈሉ ነው። እርስዎ ግን የሌለብዎትን ነው የከፈሉት፤ ነውሩ የላኪው ነው። ነውሩን ለምን ይሸከሙለታል?»

አባ ዛሬውኑ ሽርጣቸውን ትክ ብለው እያዩ ቆዩ። የስፌት መኪናው በር ሲያልፍ፣ ደንበኞቹም ቆመው ሲያዩ ታያቸው። ሰው ፊት መዋረድን ያህል የሚፈሩት ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ተነሡ። ልጅቱ የሚወጡ መስሏት ቦርሳዋን አነሣች። እሳቸው ግን ወደ ሰልፉ ዞረው ደብዳቤውን ከፍ አድርገው ያዙት።

«ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ» አሉ። «ጫማ ሰሪ ነኝ። ይህ ወረቀት የድረ ገጽ ስም እድሳት ነው ብሎ አታለለኝ። አምና ከፈልኩ፤ ዘንድሮም ብዕር አንስቼ ነበር። ዕዳ አይደለም፤ ወጥመድ ነው። የሚቸኩል ወረቀት ከመጣላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ዕዳው የማን እንደሆነ ራሳችሁ ለኩ፤ የምታምኑትን አንድ ሰው ጠይቁ። ያለባችሁን ግን በዕለቱ ክፈሉ፤ እሱን አልተውኩም።»

አንዳንዱ ፈገግ አለ፤ አንዳንዱ «እኚህ ሰውዬ!» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። በጥግ በኩል ግን አንዲት ሴት ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። የሕፃናት መዋያ አላት፤ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያስመዘግቡት በድረ ገጿ ነው።

«ማህተሙን ያሳዩኝ» አለች። አየችውና ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። «እኔ… ትናንት ማታ ገንዘቡን በስልኬ ልኬያለሁ። ቅጹንም ፈርሜ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ።»

«ፖስታው የት አለ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ። ከዚህ ስወጣ ልልከው ነበር።»

አባ ዛሬውኑ ክንዷን ይዘው ወደ መስኮቱ ገሰገሱ። «ተራ!» ያለ አልነበረም፤ ሰልፉ ራሱ መንገድ ለቀቀላቸው። የመስኮቷ ሠራተኛ የዝውውሩን ቁጥር ከሴትየዋ ስልክ ላይ እያየች ጻፈችና የጠረጴዛውን ስልክ አንስታ ከላይ ካለው ክፍል ጋር መነጋገር ጀመረች። ሴትየዋ ፖስታውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ተራ የሚጠራው ማሽን ብቻ ይጮሃል፤ የተጠራውም አልቀረበም።

ሠራተኛዋ ስልኩን አስቀመጠች።

«ገንዘቡ አልወጣም፤ ቆሟል» አለች።

ሴትየዋ ቅጹን ከፖስታው አውጥታ ለአባ ዛሬውኑ ሰጠቻቸው። እሳቸውም እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ቀደዱት።