ጥሬ የማይበላ ጉራጌ

ለመስቀል ከቡታጅራ ወልቂጤ አክስቴ ቤት ሄደን፣ ገና እንደተቀመጥን ክትፎው በየፊታችን በሸክላ ጣባ ቀረበልን። ባለቤቴ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከዘመድ ያወቀ የለም። ባለፈው ዓመት ሲያስወርዳት አክስቴ ዘመድ በተሰበሰበበት «አርፋ መቀመጥ አቅቷት ራሷ ናት ያጠፋችው» ብላለች። አልረሳሁትም፤ ልረሳውም አልፈልግም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ ጥሬ ሥጋ እንዳትቀምስ አስጠንቅቃታለች። አልበላም ብትል ነገሩ ይታወቅባታል፤ ብትበላ ደግሞ ሆዷን በቆረጣት ቁጥር ልትሸበር ነው። ጣባዋን አፍጥጣ ስታየው ቀደምኳት።

«አክስቴ፣ የእኛ በደንብ ይብሰል። እኔ ጥሬ ትቻለሁ።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። «ጥሬ የማይበላ ጉራጌ! ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩህ ይህንን ነው?» አለ አጎቴ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣

«ይዘሻል እንዴ? በይ እንግዲህ፣ የአሁኑን እንኳ ጠብቂው!» አለቻት።

ልናገር አፌን ስከፍት ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«የፊተኛውንም ጠብቄው ነበር፣ እትዬ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ሳቁ ቆመ። አክስቴ ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር። እኔ ሁለቱን ጣባዎች ይዤ ጓዳ ገባሁ። «ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር!» እያሉ ከኋላዬ ሲያጉረመርሙ፣ ሥጋውን መጥበሻ ላይ ገልብጬ እስኪጠቁር አበሰልኩት። ከዚያ መሀላቸው ተቀምጠን፣ ሳንቸኩል፣ ሙልጭ አድርገን በላን።