በጭልፋ የሚመዘን እንደራሴ

ሽማግሌው ቨርጂል ስታምፐር በብራሽ ክሪክ መንደር ካለው የመኖ ሱቅ ጆንያ ተሸክመው እያነከሱ ሲወጡ፣ የወንድማቸው የልጅ ልጅ ኬንድራ በመኪና ስታልፍ አየቻቸውና ፍሬን ያዘች። ኬንድራ ኮሌጅ ጨርሳ በአውራጃው ትምህርት ቤት ስለ ሕግና መንግሥት የምታስተምር ልጅ ናት። ሽማግሌው ደግሞ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ፣ ዛሬ የስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን ያቆሰለባቸው፣ ግትርነታቸውን ግን ምንም በሽታ ያልነካው ሰው ናቸው።

«አጎቴ! ምነው በዚህ እግር ሸክም? ይስጡኝ እንጂ!»

«ተይኝ። የሚበሉት ዶሮዎቼ፣ የምሸከመው እኔ፣ አንቺ ምን አገባሽ?» አሏት። ይህን ይበሉ እንጂ ጆንያውን ለቀቁላትና መኪናው ውስጥ ገቡ። ሲቀመጡ ያመለጣቸውን ማቃሰት በሳል ሊሸፍኑት ሞከሩ።

ጥቂት እንደ ሄዱ ኬንድራ፣ «የቀድሞ ወታደሮች ክሊኒክ ሊዘጋ ነው የሚባለው እውነት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«እውነት ነው፤ ነርሷ ራሷ ነግራኛለች። ከገና በኋላ ቁስሌን የማሳጥበው ሌክሲንግተን ከተማ ድረስ ሄጄ ነው አሉ። ግማሽ ቀን መንገድ! ነዳጅ የሚረግጠው እግር ደግሞ የታመመው ራሱ ነው፤ ሃ ሃ! ሐኪሙ ምን አለ መሰለሽ? በየሳምንቱ ካልታጠበ ይቆረጣል።»

ሳቁን ሳቁት እንጂ እጃቸው ጉልበታቸውን ጭምቅ አድርጎ ይዞ ነበር። ኬንድራም ይህን አየች።

«ታዲያ የክሊኒኩን በጀት የሚወስነው ኮንግረስ አይደለም እንዴ? ምርጫው ደርሷል። አቶ ዳሬል ፕሩዊት ወንበራቸውን ላለመልቀቅ፣ ወይዘሮ ኖሪን ካዲል ወንበሩን ለመውሰድ ይወዳደራሉ። ማንን ሊመርጡ አስበዋል?»

«ቅዳሜ ሳይደርስ በምን አውቄ?»

«ቅዳሜ ደግሞ ምን አለ?»

«ወይ ጉድ! ይቺን ነው መምህር ብለው የቀጠሯት! የቦሎቄው እራት ነዋ!»

ብራሽ ክሪክ ከጥንት ጀምሮ ይህ ልማድ አለው፤ ምርጫ ሲቃረብ የመንደሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ትልልቅ ድስት ጥደው ቦሎቄ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቅላሉ፣ እጩዎቹም ሽርጥ ታጥቀው በገዛ እጃቸው ለመራጩ ይጨልፋሉ። ሌላው ሰው በልቶ፣ ስቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስታምፐር ግን ነገሩን ሳይንስ አድርገውታል።

«ስሚኝ፣» አሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። «ምላስ ሊዋሽ ይችላል፤ ጭልፋ ግን አይችልም። ከላይ ከላይ የሚቀዳ እጩ ሰነፍ ነው፤ ዋሽንግተንም ሄዶ ለአንቺ የሚልክልሽ መረቁን ብቻ ነው። ጭልፋውን እስከ ታች ሰዶ ሥጋውን የሚያወጣልሽ ግን ለሰው የሚያስብ ነው። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ እንደራሴዬን የምመርጠው እንደዚህ ነው።»

ኬንድራ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አቶ ፕሩዊትስ እንዴት ናቸው?» አለች።

«ባለፈው ምርጫ የቡጢዬን የሚያህል ሥጋ ነው የሰጠኝ! ጨዋ ሰው!»

«ለክሊኒኩስ ምን አደረጉ?»

«ስለ ክሊኒኩ ማን ጠየቀው?»

«እኮ!»

«ምን እኮ አለበት? የሰጠኝን እየበላሁ እንደ ፖሊስ ልመርምረው? እናቴ እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችኝም።»

«አጎቴ፣ እዚያ እርስዎ እንግዳ አይደሉም፤ ቀጣሪ ነዎት። ለዶሮ ቤትዎ አናጢ ሲቀጥሩ ሥራውን ይጠይቁታል ወይስ ሾርባ ያስቀዱታል?»

«አናጢውን እኮ አውቀዋለሁ።»

«እነዚህን ግን አያውቋቸውም። እግርዎንም ለእነሱ ነው የሚያስረክቡት።»

«አንቺ ልጅ፣ ነገርሽ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያምራል። እዚህ አውርጂኝ፤ ቤቴ ደርሻለሁ።»

በሽማግሌው መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን መንገዱም ሆነ ሐኪሙ ዘግይቶ በሚደርስበት ተራራማ አገር ያደገ ሰው፣ አንድ ባለሥልጣን ዝቅ ብሎ ሲያበላው ልቡ ቢነካ አይፈረድበትም። ጥፋቱ ምስጋናው ላይ አይደለም፤ ምስጋናውን ከፍርድ ጋር ማደባለቁ ላይ ነው።

ቅዳሜ ማታ የእሳት አደጋ መኪናው ከጣቢያው አዳራሽ ወደ ውጭ ተነድቶ በቦታው ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተዘረጉ። ስታምፐር ጢማቸውን ተላጭተው፣ የወታደር ኮፍያቸውን ደፍተው ከኬንድራ ጋር ተሰለፉ።

አቶ ፕሩዊት ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው፣ «አቶ ስታምፐር! የኔ ጌታ!» ብለው ጭልፋውን እስከ ክርናቸው ድስቱ ውስጥ ሰደዱት። ሥጋ በሥጋ ላይ ተቆለለ። ሁለተኛው ድስት ጋ የቆሙት ወይዘሮ ካዲልም እጅጌያቸውን ሰብስበው የድስቱን ቂጥ ጠረጉና ሌላ ሳህን ሙሉ ሥጋ አስታቀፏቸው። ከኋላ የተሰለፈው ጎረቤታቸው ሌስተር ግን ሳህኑ ውስጥ ያገኘው መረቅና ጥቂት የባዘነ ቦሎቄ ነበር።

«ምንድን ነው ነገሩ?» ብሎ ጮኸ። «አሳማው የታረደው ለቨርጂል ብቻ ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ቦሎቄ ያልታየባቸውን ሁለት ሳህኖች እንደ ታቀፉ ጆሯቸው እስኪቀላ አፈሩ።

«አውቀውብኛል፣» አሉ በሹክሹክታ።

«ማን ነገራቸው?»

«እኔው ነኛ! ፀጉር አስተካካዩ ጋ ዕድሜዬን ሙሉ ስለፈልፍ!»

«እንግዲህ ሁለቱም እኩል ሰጡዎት፤ አሁን በምን ሊለዩዋቸው ነው?» አለች ኬንድራ።

ስታምፐር ሥጋውን አዩ፤ እግራቸውን አዩ። ከዚያ ሳህኖቹን አስቀምጠው ጠረጴዛውን በማንኪያ ደበደቡ።

«አቶ ፕሩዊት፣ ስለ ሥጋው እግዜር ይስጥልኝ። አንዲት ነገር ልጠይቅዎ። የወታደሮቹ ክሊኒክ ሊዘጋ ነው። ቢመረጡ እንዳይዘጋ ድምፅዎን ይሰጣሉ ወይስ አይሰጡም?»

አቶ ፕሩዊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እንዴት ያለ ግሩም ጥያቄ ነው! ወታደሮቻችን ኩራታችን ናቸው! አያቴ ራሳቸው ወታደር ነበሩ…» ብለው ስለ አያታቸው፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማውና ስለ ተራሮቹ ውበት ሲያወሩ አንዳንዱ እንባ አቅርሮ ማጨብጨብ ጀመረ።

«አያትዎን ነፍስ ይማር፣» አሉ ስታምፐር። «እኔ የጠየቅሁት ግን ስለ እግሬ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ፕሩዊት «ጉዳዩን በጥሞና ተመልክተን…» ሲሉ ሌስተር፣ «ይሰጣሉ ወይስ አይሰጡም? ይመልሱ እንጂ!» ብሎ አቋረጣቸው። በተለይ መረቅ ብቻ የደረሳቸው ሰዎች መልሱን ለመስማት እጅግ ቸኩለው ነበር። አቶ ፕሩዊት ግንባራቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ «እሺ፣ እሺ! እንዳይዘጋ ድምፄን እሰጣለሁ!» አሉ።

ተራው የወይዘሮ ካዲል ሆነ። «መዘጋቱን ብቻዬን አስቆመዋለሁ ብላችሁ ዋሸኋችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ማድረግም የሚቻል አይመስለኝም። ነርሷ በሳምንት ሁለት ቀን እንድትቆይ ግን እታገላለሁ። ካልሆነልኝም እዚሁ ፊታችሁ ቆሜ አልሆነልኝም እላለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም።

«መልሷ ደስ አይልም፣» አሉ ስታምፐር ቁጭ እያሉ።

«አይልም፣» አለች ኬንድራ።

«ግን መልስ ነው።»

በምርጫው ቀን ድምፃቸውን ለወይዘሮ ካዲል ሰጡ። ያሸነፉት ግን አቶ ፕሩዊት ሆኑ! በማግስቱ ኬንድራ ስትመጣ ሽማግሌው በረንዳው ላይ ኩርምት ብለው አገኘቻቸው።

«ይኸው የትምህርትሽ ፍሬ! ጠየቅሁ፣ መረጥሁ፣ ተሸነፍሁ። እግሬም ሊሄድ ነው።» በዚህ ጊዜ አልሳቁም።

ኬንድራ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አጎቴ፣ ሰውዬው ድምፄን እሰጣለሁ ሲሉ ማን ሰማ?»

«አገር ምድሩ ሰምቷል።»

«ይህን ቃል ያወጣው የእርስዎ ጥያቄ ነው። በጭልፋ መርጠው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእጅዎ ምን ይኖር ነበር? የተበላ ሥጋ። አሁን ግን መንደሩ ሁሉ የሰማው ቃል አለ። ላልመረጣቸውም ሰው ቢሆን እንደራሴ ናቸው። በሉ ስልኩን ያንሱ።»

ስልኩ ተነሣ። ሌስተር ደወለ፣ ፀጉር አስተካካዩ ደወለ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ደወሉ። ስታምፐርማ ከመደወል ብዛት የእንደራሴው ጸሐፊ ገና ሲተነፍሱ ታውቃቸው ጀመር። ገና አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ወሬው መጣ፤ አቶ ፕሩዊት ድምፃቸውን ሰጥተዋል፣ ክሊኒኩም በሳምንት ሁለት ቀን ይከፈታል።

ያን ሰሞን ነርሷ የሽማግሌውን እግር ስታጥብ አቶ ፕሩዊት ፎቶ አንሺዎች አስከትለው ገቡና፣ «አቶ ስታምፐር! ይኸው ቃሌን ጠበቅሁ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ስታምፐር የተዘረጋውን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙት፤ አልለቀቁትም።

«ጠብቀዋል፤ ውለታዎን አልረሳም። እስኪ አሁን ደግሞ አረፍ ይበሉና ስለ ፈራረሰው የመንደራችን ድልድይ ልጠይቅዎ።»