ለአውራ በግ ሰባት ቤት

ሠላሳ ዓመት በግብርና ጽሕፈት ቤት ስሠራ በቅሎ ገብስ ስትጭን፣ ማር ስትጭን፣ ሙሽራ ስትጭንም አይቻለሁ። ኮምፒውተር ጭና ያየኋት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ባለፈው መስከረም፣ ሞላሌ ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ ነው። ያውም ኮምፒውተሩ ብርድ እንዳይመታው ይመስል ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና ተጠቅልሏል።

በቅሎዋን የሚስቡት አቶ ወንዳፈራሁ ነበሩ፤ በበግ እርባታ አገር ያወቃቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ሲከራከሩም በቀላሉ የማይረቱ ሰው ናቸው። ከኋላቸው በእግሯ የምትከተለው ዓለምፀሐይ፣ ኮሌጅ ጨርሳ ወደ መንደሯ የተመለሰች፣ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ማኅበራቸው መዝጋቢ ናት። በረዶ መጣል ጀምሮ ነበርና ሁለቱንም ወደ ቤት አስገባኋቸው።

«ምን ጭነው ነው አቶ ወንዳፈራሁ?» አልኋቸው።

«ሬሳ ነው» አሉ ሳይስቁ። «መሐል ሜዳ ከተማ ለመለዋወጫ የሚገዛ አለ ብለው ማኅበርተኞቹ ሽጠው አሉኝ።»

«ሬሳ አይደለም ጋሼ ታሪኩ» አለች ዓለምፀሐይ። «የበጎቻችን የዘጠኝ ዓመት መዝገብ በውስጡ ነው። ሌላ ቅጂ የለንም። ቅዳሜ አውራ እንመርጣለን፤ እስከዚያ ካልተከፈተ በዓይን ይመረጥ ተብሎ ተወስኗል።»

አንባቢ እንዲገባው ነገሩን ላስረዳ። የማኅበሩ አባላት በዓመት አንድ ጊዜ ወንድ በጎቻቸውን አንድ ቦታ ይሰበስቡና ለዘር የሚሆኑትን ያስቀራሉ፤ የቀሩት ይሸጣሉ። እያንዳንዱ በግ የጆሮ ቁጥር አለው። መዝገቡ በዚያ ቁጥር የማን ልጅ እንደሆነና ስንት እንደመዘነ ይናገራል። አቶ ወንዳፈራሁ ግን ከመዝገቡ ይልቅ ዓይናቸውን ያምናሉ። አምና በሳቸው ግፊት ዳለቻ የሚሉት የገዛ በጋቸው በዓይን ተመርጦ ለመንጋቸው አውራ ሆኗል። ዘንድሮም እንዲደገም ይፈልጋሉ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ይህ የእናንተ ወረቀት ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የያዘውን ይለቃል። የኔ ዓይን መብራት አይፈልግም። ዳለቻውን አይተኸዋል ታሪኩ? ቀንዱን፣ ላቱን፣ አረማመዱን?»

አይቼዋለሁ፤ እውነትም መልከ መልካም በግ ነው። ዓለምፀሐይ በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ልጅዎን አመተሥላሴን ሲድሩ ስንት ቤት ቆጠሩ?»

«ሰባት ነዋ! ለመጀመሪያ የመጣው ሽማግሌ ከደጅ የተመለሰው ለምን ይመስልሻል? አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኘን። ልጁ ጨዋ፣ ቤቱም ሙሉ ነበር፤ ቢሆንም መለስሁት።»

«መልኩን አይተው ለምን አልሰጡም?»

«ዘር በመልክ ይታወቃል እንዴ?»

«ለዳለቻውስ ስንት ቤት ቆጠሩለት?»

አቶ ወንዳፈራሁ ወደ በረዶው ተመለከቱ። «በግ ክርስትና አልተነሣ፣ የንስሐ አባት የለው» አሉ።

«ክርስትና ባይነሣም ደም አለው አባባ። የእርስዎን ሰባት ቤት አባትዎ በቃል አስጠንተውዎታል። የበጎቹን የሚያውቅልን ያ ሣጥን ብቻ ነው።»

እኔ በልቤ ፈረድሁላት። እሳቸው ግን ክርክር በልብ ፍርድ የሚተዉ ሰው አይደሉም፤ «እንግዲያው ይናገራ» አሉ። ሲፒዩውን ከባናው አውጥተን የቤቴን ስክሪንና ኪቦርድ ሰካንለት።

ዓለምፀሐይ ችግሩን አስረዳችን። የተበላሸው ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም ነው እንጂ መዝገቡ አልጠፋም ብላ ታምናለች። አንድ ጠጋኝ በስልክ «ሁሉንም አጥፍቼ አዲስ ልጫንበት» ቢላት እንቢ ብላለች። መፍትሔው ኮምፒውተሩን ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ከፍላሽ አስነሥቶ መዝገቡን መገልበጥ ነው። ለዚሁ ያዘጋጀቻት ፍላሽ ግን ሁለት ጊዜ ብትሠራትም አልሆነችም።

ፍላሿን ከሲፒዩው ፊት ለፊት ሰካቻት። ስክሪኑ ላይ የሚነሣበት ነገር አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ነቅላ ከኋላ ሰካቻት፤ ያው ነው። ሲበራ አንዱን ቁልፍ ደጋግማ ስትጫን ኮምፒውተሩ ከምን ከምን ሊነሣ እንደሚችል የሚያሳይ ዝርዝር ወጣ፤ የፍላሿም ስም አለበት። መረጠችው። ያ ጽሑፍ እንደገና መጣ።

«ያያታል፣ ግን አያውቃትም» አለች።

እኔ በሙያዬ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ በሽተኛው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መርፌ እንደማይወጋ ነው። «ፍላሿን ለብቻዋ እንፈትናት» አልኋት። በቦርሳዋ ከያዘችው ላፕቶፕ ላይ ሰካቻት፤ ላፕቶፑ ያለ አንዳች ችግር ከፍላሿ ተነሣ። እንግዲህ ፍላሿ ጤነኛ ናት።

ይህን ጊዜ አቶ ወንዳፈራሁ ጠጋ አሉ። መሳለቅ መተዋቸውን ያኔ ነው ያስተዋልሁት።

«ሣጥኑ ያያታል ብለሻል። እሷም ጤነኛ ናት። ልጄ፣ ይህችን ዕቃ በማን ልክ ሠራሻት?»

«በዚህ በላፕቶፑ ነው የሠራኋት።»

«ላፕቶፑ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት። ሲፒዩው ግን ዐሥራ አምስት ሳይሞላው አይቀርም።»

«እንግዲያማ ኮርቻውን በፈረስ ለክተሽ በቅሎ ላይ ትጭኛለሽ። ኮርቻውም ደህና፣ በቅሎዋም ደህና፤ ልኩ ግን የሌላ ነው።»

ዓለምፀሐይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ፍላሽ የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም ከፍታ አንድ መስመር አሳየችን። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች የሚነሡበት ሥርዓት ሌላ፣ የቀድሞዎቹ ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙም ለየትኛው ይሁን ብሎ ይጠይቃል። እሷ ሁለቱንም ጊዜ ሳታነብ አልፋዋለች፤ እሱም በአዲሱ ልክ ሠርቶላታል። አሁን የቀድሞውን መርጣ እንደገና አዘጋጀች። በረዶው አቁሞ ውጭው እስኪጠራ ድረስ ጠበቅን፤ ከዚያ ፍላሿን ከሲፒዩው ላይ ሰካቻት።

ሲፒዩው ተነሣ። የዘጠኙ ዓመት መዝገብ በሙሉ እዚያው ነበር። ዓለምፀሐይ አለቀሰች፤ ለምን ይዋሻል፣ የኔም ዓይን እንባ ቋጠረ። ከሁሉ አስቀድማ መዝገቡን ወደ ላፕቶፑ፣ ቀጥላም ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጠችው።

«በይ አሁን ዳለቻውን ጥሪልኝ» አሉ አቶ ወንዳፈራሁ።

የጆሮ ቁጥሩን ጻፈች። አባቱ ወጣ። ቀጥላ የሳቸውን ሴት በጎች አንድ በአንድ ጠራች፤ ከዐሥራ አራቱ የዐሥራ አንዱ አባት ያው የዳለቻው አባት ነው። እሷ ቀና ብላ ልታያቸው ፈራች።

«ታዲያ እነዚህ እኅቶቹ ናቸዋ» አሉ ቀስ ብለው። «አምስት ግልገል ነው እስካሁን ደክሞ ተወልዶ የሞተብኝ። ውርጭ ነው ብዬ ውርጩን ስረግም ከረምሁ።»

«ውርጩም ይኖርበታል አባባ፤ ሁሉም በዚህ ነው አይባልም» አለች።

«ተይ፣ አታጽናኚኝ። ሽማግሌ ከደጁ የመለሰ ሰው በገዛ በረቱ እኅትና ወንድም ሲያጋባ ከረመ።» ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ይህን ሣጥን ልሸጥ ስነሣ ሌላው ሁሉ ቤቱ ቀረ፤ አንቺ ያን ሁሉ መንገድ በእግርሽ ተከተልሽኝ። ውለታሽ አለብኝ።»

«ኮርቻውን ባይነግሩኝ እኔም እዚያው እዳክር ነበር። እኔ ነኝ የማመሰግንዎ።»

ያን ቀን መሐል ሜዳ የሄደ የለም። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ በማኅበሩ፣ በዓለምፀሐይ ላፕቶፕና በኔ የዕቃ ሣጥን ውስጥ ባለች ፍላሽ። አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይተርፋሉ። ለአሮጌው ኮምፒውተር የምትሆነው ፍላሽ በጥቁር ሱፍ ክር፣ ለአዲሱ የምትሆነው በነጭ ታስራለች፤ የክሩ ሐሳብ የአቶ ወንዳፈራሁ ነው። አሮጌ ዕቃ አልነሣ ሲል ሞቷል ብሎ ከመጣል በፊት በልኩ የተጠየቀ መሆኑን ማየት እንደሚገባ እኔም በስተርጅና ተምሬአለሁ።

ቅዳሜ ለምርጫው ሄድሁ። አቶ ወንዳፈራሁ ዳለቻውን እየሳቡ ቀድመው ደርሰዋል። ዓለምፀሐይ ገና መዝገቡን ሳትከፍት ገመዱን ከዘመሮ በኩል ለመጣ የሌላ ማኅበር ሰው ሰጡትና የእሱን አውራ በለውጥ ተቀበሉ። ሰዉ ተገረመ።

«ምነው አቶ ወንዳፈራሁ፣ እንዲህ ያለውን በግ?» አላቸው አንዱ።

«ዘር ቆጠርሁለት» አሉ። «ሰባተኛው ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም፤ አንደኛው ቤት ላይ ቆምሁ።»

ከዚያ የተቀበሉትን በግ ወደ ዓለምፀሐይ ጠረጴዛ ስበው ወሰዱና የጆሮ ቁጥሩን እያነበቡ አስመዘገቡት።