«የለም» የማይባልባቸው ሱቆች

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በዚህ በቡሬ በሱቆቹ መደዳ «የለም» ማለት ትልቅ ነውር ነበር። ምን ያስቃችኋል? እውነቴን እኮ ነው! እነዚህ የጭቃ ሱቆች፣ አንዱ ካንዱ ጋር ግድግዳቸው አንድ ነው፤ እና በየግድግዳው መሃል ክንድ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። አባቶቻችን ሲሠሩት አውቀው የተዉት ነው። እንግዲህ ገዥ ይመጣል፣ እኔ ዘንድ ያለው ክርና ጥለት ነው፣ እሱ የሚፈልገው ጨው ነው። ታዲያ «የለም» ልለው ነው? አልልም! «አረፍ በል ጌታዬ፣ ይመጣል» እለውና በቀዳዳው «ጨው!» ብዬ እጣራለሁ። ጎረቤቴም ከሌለው ወደሚቀጥለው «ጨው!» ይላል፣ እሱም ወደሚቀጥለው፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ይሄድና ጨው ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ እኔ ዘንድ ከች ይላል። ባላገሩ ታዲያ አፉን ይዞ «ይች ሴትዮ ግድግዳው ውስጥ ምን አላት?» ይላል።

ከኔ ቀጥሎ ያለው የአያ ሙሉነህ ሱቅ ነው። በመደዳው ላምባና ፋኖስ የሚሸጥ እሱ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ መብራት የት አለና! ታዲያ አንድ የገበያ ቀን አንድ ሰው ከገጠር መጣ፣ ልጁን ሊድር ነው። «እመቤቴ፣ የፋኖሴ ብርጭቆ ተሰበረብኝ፣ ሠርጉ ነገ ነው፣ ልጄን በጨለማ ልዳራት?» አለኝ። «ኧረ ምን ሲደረግ! አሁን ይመጣል» አልኩና «አያ ሙሉነህ፣ የፋኖስ ብርጭቆ!» አልኩ። ደግሜ ተጣራሁ። «የለም» አለ!

የለም! ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው ባይ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ በገለባ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል! «አያ፣ እያየሁት?» ብል፣ «የለም አልኩሽ እኮ!» አለ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ባዶ እጁን ሄደ፣ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያማ ምን ዝም እላለሁ፣ በሩ ላይ ወጥቼ «አያ ሙሉነህ ያለውን የለም አለ!» እያልኩ ገበያው እስኪሰማ ጮህኩ። በማግሥቱ ስመጣ ቀዳዳው በጭቃ ተመርጓል።

እና ስንት ዘመን እንደሆነ እንጃ፣ ልጆች አደጉ፣ ተዳሩ፣ እኔም ሸበትኩ፣ ቀዳዳው እንደተመረገ ቀረ። ሰላምታማ አልቀረም። «እንደምን አደርክ»፣ «ይመስገን»፣ በቃ። ከላይ በኩል የሚመጣ ዕቃ አያ ሙሉነህ ዘንድ ሲደርስ ልጁ ይዞት በደጅ ዞሮ ነው የሚያመጣልኝ፣ ክረምት ከሆነ በጃንጥላ። ጨው በጃንጥላ! አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ አሁን በቅርቡ መንገዱ ይሰፋል፣ ሱቆቹ ይፈርሳሉ ተባለ። ደነገጥኩ፣ የአባቴ ቤት ነዋ! አንዲት የባህል ቢሮ ልጅ፣ መልካም ልጅ ናት፣ መጣችና «እማማ፣ እኔ ቅርስ ናቸው ብዬ ተከራክሬያለሁ። ነገ ኃላፊዎቹ ሊያዩ ይመጣሉ። የጭቃ ቤት ብቻ ካሳየኋቸው፣ የጭቃ ቤትማ የትም አለ ይሉኛል። ዕቃ በቀዳዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያልፍ ማየት አለባቸው። የርስዎና የጋሽ ሙሉነህ ግድግዳ ግን ተደፍኗል» አለችኝ።

«ሂጂና ለሱ ንገሪው፣ የመረገው እሱ ነው።»

«ነግሬያቸው ነበር፤ የጮኸችው እሷ ናት አሉኝ።»

አያችሁ? ልጅቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሷ ስትሄድ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አየሁት፣ አየሁት፣ እና «በሁለት ግትር አዛውንት መደዳው ሙሉ ሊፈርስ ነው?» አልኩ ለራሴ። አንድ ብረት አነሳሁና ጭቃውን መፈርፈር ጀመርኩ።

ከወዲያ በኩል ሳል ሰማሁ። ከዚያ ድምፅ መጣ፣ «ከላይ በኩል ጀምሪ! ከታች ድንጋይ ከትቼበታለሁ!»

ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው እጁ ነው። እጁ ላይ የፋኖስ ብርጭቆ! «ያኔ የከለከልኩሽ ለማርያም የተሳልኩት ነበር፣ ልጅ ብትሰጠኝ ብዬ» አለ። «የልቤን ጭንቅ ገበያ መሃል እንዴት አውጥቼ ልንገርሽ? ልጁን ሰጠችኝ፣ ስለቴን አስገባሁ። ይሄን ደግሞ ላንቺ ብዬ ገዛሁት።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምነው ሳትሰጠኝ?»

«በየት በኩል ላቀብልሽ? ተመርጎ!»

«አያ፣ በር አይደለም እንዴ ያለን?»

«በበርማ እኔና አንቺ ምን ተሰጣጥተን እናውቃለን?»

ኧረ ሳቅኩ፣ አለቀስኩም፣ አንድ ላይ ነው የመጣብኝ።

በማግሥቱ ኃላፊዎቹ መጡ። አንዱ ላይኛው ጫፍ ቆሞ «ሳሙና አለ?» አለ። ሳሙና ያለው ታችኛው ጫፍ ነው። «ሳሙና! ሳሙና!» ተባለ፣ ሳሙናው በኔ እጅ አልፎ፣ በአያ ሙሉነህ እጅ አልፎ ሰውየው ፊት ዱብ! ሰውየው እንደ ልጅ ሳቀና «እስቲ ድገሙት» አለ። ብቻ ምን አለፋችሁ፣ መንገዱ በማዶ በኩል ይስፋ ተባለ፣ ሱቆቹ ቆሙ። ይኸው እስከ ዛሬ ከነቀዳዳቸው አሉ።

ታዲያ ያች ልጅ ደስ ብሏት እቅፍ አደረገችኝና መደርደሪያዬ ላይ ብርጭቆውን አየችው። «እማማ፣ ይሄን የፋኖስ ብርጭቆ ለኤግዚቢሽን ይስጡኝ፣ ከቅርሶቹ ጋር እናስቀምጠው» አለች። እኔም፣ ብርጭቆው እዚያው ፊቷ ቁጭ ብሎ እያብረቀረቀ፣ «የለም!» አልኳት።

በዕድሜዬ ሙሉ ለገዥ ያላልኩትን! ይሄኔ በቀዳዳው ሳቅ መጣ፣ እና አያ ሙሉነህ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጭቃ ላቡካ እንዴ?»